ሻርክ የወለደቻት፣ የሌሊት ወፍ ያሳደገቻት

አንድ ተራራው እግሩን ጨው ውሃ ውስጥ ነክሮ የተቀመጠበት መንደር ነበረ። ከላይ ዋሻ፣ ከታች ባሕር ነው። ወንዱ ዓሣ ያጠምዳል፤ ሴቷ ዓሣ ታደርቃለች፤ ወንዱም ሴቷም የጎረቤታቸውን ነገር ያወራሉ። በዚያ መንደር፣ ከዋሻው ሥር፣ ማንጠግቦሽ የምትባል ባልቴት ትኖር ነበር። ሥራዋ የሌሊት ወፍ ኩስ ከዋሻው እየዛቀች ለአትክልተኞች ማቅረብ ነው። የመንደሩ ሽንኩርት፣ የመንደሩ ቃሪያ ሁሉ የለመለመው በእሷ ዘንቢል ነው። ስታልፍ አፍንጫውን የሚይዝ ሰው ካጋጠማት፣ "ወጥህ ውስጥ ሲገባ አትጠየፈውም!" ትለዋለች። ምላሷ እንደ ሳማ ይለበልባል። ቢሆንም ሰው ይወዳት ነበር፤ ሳማም ለሚያውቅበት መድኃኒት ነው።

ማንጠግቦሽ በሆዷ አልወለደችም። ልጅ ግን ነበራት። ፈንጣጣ ያን አገር ቤት ለቤት እየዞረ በሚለቅምበት ዘመን፣ አንድ ማለዳ በሯ በጠጠር ተመታ። "የማን ባለጌ ነው!" ብላ ዱላ ይዛ ስትወጣ፣ ከደጇ ድንጋይ ላይ በጨርቅ የተጠቀለለች ጨቅላ ሴት ልጅ አገኘች። ዙሪያውን ብታይ ሰው የለም። ብትጣራ የሚመልስላት የዋሻው ማሚቶ ብቻ ሆነ። ዱላውን ጣለችና ልጅቱን አነሣች።

በፍየል ወተት አሳደገቻት። በሽታው አልፎ ሰው እንደገና መሰብሰብ ሲጀምር፣ እንደ አገሩ ልማድ ሽማግሌዎቹን ጠራችና አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ነክራ ልጅቱን በፊታቸው አጠባቻት። ማር የጠባ ልጅ ከሆድ ልጅ አያንስም፤ ሕጉ ይኸው ነው። ስሟንም የኔነሽ አለቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ "ይህቺ የማን ናት?" ብሎ የጠየቀ ሰው፣ መልሱን በስሟ ውስጥ ያገኘው ነበር።

ልጅ ግን አድጎ መጠየቁ አይቀርም። የኔነሽ አንድ ቀን፣ "እማዬ፣ የወለደችኝ የት ሄደች?" አለች። ማንጠግቦሽ ቆጣ አለችና እጇን ይዛ ወደ ዋሻው አስገባቻት። ፍሬ የሚበሉት ትልልቆቹ የሌሊት ወፎች ጣሪያው ላይ እንደ ከል ጨርቅ ተንጠልጥለዋል። በእናቶቹ ክንፍ ውስጥ የልጆቻቸው ፊት ይታያል፤ አንዷ የልጇን ጆሮ ትልሳለች።

"አየሻት? አስቀያሚ ናት፤ ትሸታለች፤ ሰው ሲያያት ያማትባል። ግን ልጇን ደረቷ ላይ ለጥፋ ነው የምትበርረው። እኔ ማለት ይህቺ ነኝ። የወለደችሽ ደግሞ ሻርክ ናት። ሻርክ ወልዳ ዞር ብላ አታይም። ጡት የላት፣ እቅፍ የላት። በሬን በድንጋይ መትታ፣ ጥላሽ ሄደች። በይ፤ ሁለተኛ እንዳትጠይቂኝ።"

የኔነሽ ሁለተኛ አልጠየቀችም። ነገሩን ግን ከፍየሉ ወተት ጋር ጠጣችው። መንደሩ ውስጥ ልጁን የጎዳ ሰው ሲታይ፣ "ሻርክ!" ብላ የምትሰድብ እሷ ሆነች። ማንጠግቦሽም ይህን ስትሰማ ደስ ይላት ነበር። ልጇ በእሷ ምላስ ስትናገር መስማት የማያስደስተው ማን ነው?

የኔነሽ ለአካለ ሔዋን ስትደርስ፣ አያ ዳርጌ የሚባል ዓሣ አጥማጅ ለልጅ ልጁ ጠየቃት። ልጁ ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ መረብ ሲጠግን ሲያዩት የሚያምር ነበር። እሷም ወደደችው። ወደድኩት አላለችም፤ ግን የደረቀ ዓሣ ይዛ በቤታቸው በኩል የምትዞርበት መንገድ አበዛች። እናት ደግሞ ይህን ታያለች። ጠላው ተጠነሰሰ፤ ድንኳኑ ተተከለ።

ይህ ሁሉ ከተሰናዳ በኋላ፣ አንድ ጠዋት አያ ዳርጌ ምርኩዙን ተደግፎ ከማንጠግቦሽ ደጅ ደረሰ።

"እንዴት አደርሽ ማንጠግቦሽ?"

"እግዜር ይመስገን። አንተ ግን ፊትህ ደህና ያደረ አይመስልም።"

"ልቀመጥ?"

"ነገርህ አጭር ከሆነ ቁም፤ ረጅም ከሆነ ተቀመጥ።"

አያ ዳርጌ ተቀመጠ። "ከጨው ሜዳው ማዶ፣ ግራሩ ሥር፣ አንዲት ፊቷን ፈንጣጣ የበላው ሴት አርፋለች።"

"አይቻታለሁ። መንገደኛ ናት።"

"መንገደኛስ ናት። መንገዷ የሚያልቀው ግን እዚሁ ነው። ውድነሽ ትባላለች። የየኔነሽ እናት ናት።"

ማንጠግቦሽ የያዘችውን ዘንቢል አስቀመጠች። ከዚያ መልሳ አነሣችው። "የየኔነሽ እናት እኔ ነኝ።"

"ማን አይደለሽም አለ? የወለደቻትን ነው የምልሽ።"

"እና ምን ትላለች? ልጄን መልሱልኝ ትላለች?"

"እሱንም አላለችም። ልጄ ሙሽራ ሆና ስትወጣ ከአጥር ውጭ ቆሜ ልያት፣ ነው ያለችው።"

"አጥሩም የኔ ነው፤ ውጭውም የኔ ነው! ትሂድልኝ።"

"ነገሩ ከእሷ ቢሆን እኔም ሂጂ ብዬ በሸኘኋት። ነገሩ ከእኛ ነው" አለ ሽማግሌው፣ ጢሙን እየጎተተ። "በኛ ወገን፣ ወላጅ እናቷ በሕይወት እያለች ሳትመርቃት የወጣች ሙሽራ ደጃችንን አትረግጥም። ሞታለች ብለን ስላሰብን ትተነው ነበር። አሁን መኖሯን አገር ሰማ። ልጅቱ ጉልበቷን ስማ ካልተመረቀች ሰርጉ ይቀራል። እኔ ብተወው ወንድሞቼ አይተዉትም።"

ይህን ሲል ከጓዳው መጋረጃ ኋላ ድምፅ መጣ። የኔነሽ ነበረች።

"ይቅር! ሰርጉ ይቅር! የሻርክ ጉልበት አልስምም። ለመሆኑ ሻርክ ጉልበት አላት?"

ነገሩ ያስቃል፤ ግን ማንም አልሳቀም። ምክንያቱም ከዚያ በኋላ ከመጋረጃው ኋላ የመጣው ልቅሶ ነው። ጥርሷን ነክሳ፣ ማንም እንዳይሰማኝ ብላ ነው የምታለቅሰው። ማንጠግቦሽ ልትገባ ተነሣችና ቆመች። ብትገባ ምን ልትላት? "ሳሚያት" ብትል፣ ያቺ ሴት በአንድ መሳም የአሥራ ምናምን ዓመት እቅፏን ልትወስድባት ነው። "አትሳሚያት" ብትል፣ ልጇ የወደደችውን አጥታ ጓዳ ውስጥ ልታረጅ ነው። እንዲህ ያለ ነገር ሲመጣ ምላስ አይጠቅምም።

አያ ዳርጌ ሊሄድ ተነሣ። ከበሩ ላይ ግን ዞር አለና፣ "ለመሆኑ ዕድሜሽን ሙሉ ሻርክ፣ ሻርክ ስትይ ኖረሻል። ሻርክ አይተሽ ታውቂያለሽ?" አላት።

"አይቻለሁ እንጂ! ገበያ ላይ፣ አፏን ከፍታ ተጋድማ።"

"እሷማ የሞተች ናት። የሞተ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይጋደማል። አንቺም ትጋደሚያለሽ።"

"አፍህን ይቁረጠው!"

"ስለ ዋሻሽ አንድ ቃል የተሳሳተ ሰው አትምሪም። ስለ ባሕር ግን ያላየሽውን ትሰድቢያለሽ። ነገ ውሃው ሲሞላ ውረጂ፤ ሰሞኑ የምጥ ሰሞን ነው።"

በዚያ መንደር አንድ ልማድ አለ። ከባሕረ ሰላጤው ጥግ፣ ዛፎቹ ሥራቸውን ጨው ውሃ ውስጥ እንደ ጣት ዘርግተው በቆሙበት ቦታ፣ በዓመት አንድ ሰሞን ቢጫዎቹ ሻርኮች ለመውለድ ይገባሉ። ያን ሰሞን አጥማጆቹ መረባቸውን ሁሉ ከዚያ ውሃ ያነሣሉ። በአጠገቡ ያለፈም ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፤ ወላድ ቤት እንዳለፈ ሰው። ማንጠግቦሽ ይህን ስትሰማ፣ "ለአውሬ ምጥ ማሪያም፣ ማሪያም ማለት ቀራችሁ እንጂ!" እያለች ስትስቅ ኖራለች። በማግሥቱ ግን ወረደች። ለምን ወረድሽ ብትባል፣ ያን ሽማግሌ ላሳፍረው ነው ትል ነበር። እውነቱ ግን የልጇ ልቅሶ ቤት አላስቀምጥ ብሏት ነው።

ፀሐይ ከፍ ብላለች። አያ ዳርጌ ታንኳውን ከዛፎቹ ጥላ አስጠግቶ አሰረውና፣ "እንግዲህ ምላስሽን ያዢው" አላት። ማንጠግቦሽ ቀሚሷን ሰብስባ፣ አፏን አሹላ ተቀመጠች። ውሃው ጥርት ያለ ነው፤ ከወገብ አያልፍም። ብዙ ሳይቆዩ አንድ ጥላ መጣ። ጥላው ቀርቦ ዓሣ ሆነ፤ ዓሣው ቀርቦ ከታንኳው የሚረዝም ሆነ። ማንጠግቦሽ የሽማግሌውን ክንድ ያዘች። ከዚያ መያዟን አየችና ለቀቀችው።

ሻርኳ ሆዷ አብጧል። ወደ ጥልቁ ብትመለስ ትችላለች፤ ግን ወደ ጎድጓዳው ሳይሆን ጥልቀት ወደሌለው ጠባብ ዳርቻ ነው የምትገፋው። ጀርባዋ ከውሃው ወጥቶ ፀሐይ መታው። አሸዋውና የድንጋዩ ስለት ሆዷን እየላገ፣ እንደ ቀይ ክር ቀጭን ደም ከኋላዋ ተመዘዘ። ማንጠግቦሽ በሹክሹክታ፣ "ይህቺ ጅል፣ ጥልቁን ትታ እዚህ ምን አመጣት?" አለች።

"ጥልቁ ውስጥ ትልልቆቹ አሉ። የጥልቁ ውሃ ልጅ ይበላል። እዚህ ግን እነሱ አይገቡም፤ ሆዳቸው አይፈቅድላቸውም።"

"የእሷስ ሆድ ፈቅዶላት ነው?"

ሻርኳ ተንቀጠቀጠች፤ ከሥሯም አንድ ግልገል በጅራቱ በኩል ወጣ። ወደ አሸዋው ወረደ፣ ትንሽ ተጋደመ፤ ከዚያ ራሱን ነቀነቀና ሄዶ በዛፉ ሥሮች መካከል ገባ። ሌላ ወጣ። ሌላም። እናቲቱ አፏን ከፍታ፣ ከፍታ ትተነፍሳለች። አንዱ ግልገል በአፏ አጠገብ አለፈ፤ አልነካችውም። "እናቶቹ በዚህ ሰሞን ምግብ የሚበሉ አይመስለኝም" አለ ሽማግሌው። "አባቴ በሌላ ቦታ አንዷን አጥምዶ ሲከፍታት፣ ከልጆቿ በቀር በሆዷ ምንም አልነበረም። ለምን እንደሆነ እኔ አላውቅም፤ ያየሁትን ነው የምነግርሽ።"

ማንጠግቦሽ አልሰማችውም። የምታየው ሌላ ነገር ነው። ታንኳቸው የታሰረበት ዛፍ ላይ የውሃው ምልክት እርጥብ ሆኖ ቀርቷል፤ ውሃው ግን ከምልክቱ ወርዷል። ባሕሩ እየሸሸ ነው። ቅድም ከወገብ የነበረው ወደ ጉልበት ቀርቧል። ሻርኳ ግን ገና እዚያው ናት፤ ራሷን ወደ ዛፎቹ አዙራ፣ ልጆቿ ወደገቡበት ጨለማ አቅጣጫ፣ አንዴ ወዲህ፣ አንዴ ወዲያ ትላለች። ትንሽ ከቆየች አሸዋው ላይ ትቀራለች። ፀሐዩም ይገድላታል፤ ደሟም አሞራውን ሁሉ በልጆቿ ላይ ይጠራል።

ማንጠግቦሽ ከታንኳው ብድግ አለች። ታንኳው ተናወጠ። ልማድ ማክበሩ፣ ድምፅ ዝቅ ማድረጉ ሁሉ ጠፋ።

"ሂጂ! አንቺ! ምን ትጠብቂያለሽ? ልጆችሽ ገብተዋል እኮ! ውሃው ሳያመልጥሽ ሂጂ፤ እዚህ ብትሞቺ ማን ይጠቀማል? ሂጂልኝ የኔ እናት፣ ሂጂ!"

ሻርኳ ሰምታት ይሁን ውሃው ነግሯት አይታወቅም። ጅራቷን መታች፤ አሸዋውን አናውጣ፣ ሆዷን እንደገና በድንጋዩ ላይ ጎትታ፣ ጥልቁ ውስጥ ገብታ ጠፋች። ዞር ብላ አላየችም። አንገቷ አይዞርም፤ እንዲህ አድርጎ ነው የፈጠራት።

ማንጠግቦሽ ቆማ ቀረች። እጇ ገና ወደ ባሕሩ እንደተዘረጋ ነው። አያ ዳርጌ ቀዘፋውን አነሣና ለስለስ ባለ ድምፅ፣ "ማንጠግቦሽ፣ ሂጂ ያልሻት አንቺው ነሽ እኮ" አላት።

እሷ መልስ አጥታ ያየበት ቀን ያ ብቻ ነው፤ ይህንንም ሲናገር ኖሯል።

ከታንኳው ስትወርድ ወደ ቤቷ አልሄደችም። የጨው ሜዳውን አቋርጣ ግራሩ ሥር ደረሰች። ሴትዮዋ ስታያት ተነሥታ ነጠላዋን እስከ አፏ ሳበች፤ እጆቿንም ከነጠላው ውስጥ ደበቀች። ቀጭን ናት። ከፊቷ የፈንጣጣው ጠባሳ ዓይኖቿን ብቻ ነው የማረው፤ እነሱም የየኔነሽ ዓይኖች ነበሩ።

ማንጠግቦሽ ሰላምታ አልሰጠችም። "ለምን በሬን በጠጠር መታሽው?" አለቻት። "እጅ አልነበረሽም? የሰው ልጅ ደጅ በድንጋይ ይመታል?"

ውድነሽ፣ "እጅ ነበረኝ እትዬ" አለች። "ባሌን ቀብሬ፣ ሁለቱን ልጆቼን ቀብሬ ነበር የመጣሁት። የእርስዎ ቤት ከመንደሩ ርቆ ዋሻ ሥር ብቻውን ነው፤ በሽታው አልገባበትም ሲሉ ሰምቼ። ሕፃኗን በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልዬ ደጅዎ ላይ አስቀመጥኳት። ላንኳኳ እጄን ስዘረጋ ቁስሉን አየሁት፤ ከጣቴ ጫፍ ወጥቷል። ይህን እጅ በርዎ ላይ ባሳርፈው፣ በማግሥቱ እርስዎም የሉም፤ እሷም የለችም። ጠጠር አነሣሁ።"

"ጡትሽስ?"

"ጡቴም ላይ ወጥቶ ነበር።"

ማንጠግቦሽ ተቀመጠች። አሸዋ ላይ፣ ምንም ሳታነጥፍ። "እሺ፤ ዳንሽ። ከዳንሽ በኋላስ? ይህን ሁሉ ዓመት እግርሽ ተሰብሮ ነበር?"

"መጣሁ እኮ" አለች ሴትዮዋ። "የማሩ ቀን መጣሁ። ሰው ተሰብስቦ ነበር፤ ከአጥሩ ኋላ ቆምኩ። እርስዎ አውራ ጣትዎን ሲሰጧት፣ አልለቅም ብላ ያዘች። ሲጎትቱ ታለቅሳለች፤ ሲመልሱላት ትስቃለች። ሽማግሌዎቹ ሁሉ ሳቁ። እኔም ከውጭ ሆኜ ሳቅሁ። ከዚያ ሄድኩ።"

"ሳቅሽና ሄድሽ!"

"አንድ ጊዜ እናት አጥታ ነበር። አሁን ልውሰዳት ብል፣ ሁለተኛ ልታጣ ነው። እንዴት ብዬ?"

ማንጠግቦሽ ተነሥታ ጮኸችባት። "አንቺ ቂል! ትገቢ አልነበረም? ቤቴ ሰፊ ነው! ጥርስ ስታበቅል ስንት ሌሊት ብቻዬን ስታለቅስብኝ አደረች፤ አንቺ ግማሹን ብታድሪልኝ ምን ነበረበት?" እየጮኸች ታለቅሳለች። ውድነሽም ታለቅሳለች። የተቆጣችው በማን እንደሆነ ራሷም አታውቅም ነበር፤ እኛ ግን እናውቃለን። በራሷ ነው።

የሰርጉ ቀን ደረሰ። ሚዜዎቹ ደጅ ላይ ይጨፍራሉ፤ ሽማግሌዎቹ ድንኳኑ ውስጥ ተደርድረዋል፤ የሙሽራዋ እናት የምትቀመጥበት በርጩማ መሐል ላይ ተቀምጧል። ማንጠግቦሽ ከአጥሩ በር ውጭ ወጣች። ውድነሽ፣ ቃሏ ቃል ነውና፣ ከውጭ ቆማለች።

"ምን ትገተሪያለሽ? ግቢ!"

"ከዚህ ልያት፤ ይበቃኛል እትዬ።"

"ለአንቺ ይበቃል፤ ለእኔ አይበቃም። ግቢ ብያለሁ!" ብላ በክንዷ ይዛ አስገባቻትና በርጩማው ላይ አስቀመጠቻት።

የኔነሽ በሚዜዎቿ ታጅባ ከጓዳ ወጣች፤ በርጩማው ላይ ማን እንዳለ ስታይ እንደ ድንጋይ ቆመች። አያ ዳርጌ ወንድሞቹን አየ፤ ወንድሞቹ ሙሽራዋን አዩ። ሙሽራው ደግሞ መሬት መሬት ያያል።

"ይህቺ ማን ናት?" አለች የኔነሽ።

"እናትሽ" አለች ማንጠግቦሽ።

"እናቴ አንቺ ነሽ። ይህቺ ሻርክ ናት፤ ያልሽኝም አንቺ ነሽ። ትናንት ሻርክ፣ ዛሬ እናት?"

ማንጠግቦሽ በሰው ፊት ተሳሳትኩ ብላ የማታውቅ ሴት ናት። ሚዛን የሰረቀ ነጋዴ ይቅርታ ይላል፤ እሷ አትልም። ያን ቀን ግን በአገሩ ሁሉ ፊት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ቆመች።

"ትናንትም ሻርክ፣ ዛሬም ሻርክ ናት" አለች። "ሻርክን ያላወቅኋት እኔ ነኝ። ደም እየፈሰሳት ማንም አውሬ የማይደርስበት ቦታ ልጇን ስታስቀምጥ አየኋት። ብትቆይ ልጆቿን ታስበላ ነበር። ልጄ፣ በሽታ ላይ ሆና ነው ወደኔ ያመጣችሽ፤ በሬን በእጇ ያልነካችው አንቺና እኔ እንድንተርፍ ነው። ያን ጠጠር እኔ ስድብ አደረግሁት፤ ለአንቺም ወተት አድርጌ አጠጣሁሽ። የሌሊት ወፍ ነኝ ብዬሻለሁ። አንቺ ዋሻው ውስጥ አድገሻል፤ እኔ ሳልነግርሽም ታውቂዋለሽ። ያቺም ብትሆን ሲመሽ ልጇን ግድግዳ ላይ ሰቅላ ትታት ትሄዳለች፤ ልጇን አለቅም ያለች ደግሞ ከነልጇ ኩሱ ውስጥ ስትወድቅ አብረን አንሥተናታል። ታዲያ እኔን ደግ ያደረገኝ፣ እሷን ክፉ ያደረጋት ማን ነው? ምላሴ ነው። በቃ። አጠፋሁ።"

የኔነሽ ቀስ ብላ ወደ በርጩማው ቀረበች። አልተንበረከከችም ገና። ሴትዮዋን ከላይ ወደ ታች አየቻት፤ ዓይኖቿ ላይ ስትደርስ ቆመች።

"ስሜ ማን ነበር?" አለቻት።

"ምን?"

"አንቺ ጋ እያለሁ። ማን ብለሽ ትጠሪኝ ነበር?"

"ስም አላወጣሁልሽም" አለች ውድነሽ። "በሽታው ልጆቹን ሁሉ በስማቸው እየጠራ ወሰደብኝ። አንቺን የሚጠራበት አጥቶ ይለፍሽ ብዬ፣ ሳልጠራሽ ተሸክሜሽ መጣሁ። የኔነሽ መባልሽን ከአጥር ውጭ ሆኜ ነው የሰማሁት። ከዚያ ወዲህ በየምሽቱ በዚያው እጠራሻለሁ።"

"ምን እያልሽ?"

"'የኔነሽ፣ በላሽ?' ብቻ።"

የኔነሽ ተንበረከከችና ግንባሯን የእናቷ ጉልበት ላይ አስደገፈች። ውድነሽ እጆቿን ከነጠላው ውስጥ ማውጣት ፈራች። ልጅቱ ናት ነጠላውን ገልጣ አንዱን እጅ ያወጣችው፤ በጠባሳ የተጠቀጠቀውን እጅ ራሷ ላይ አደረገችው። ሴትዮዋ ለምርቃት አፏን ከፈተች፤ ድምፅ አልወጣም። አያ ዳርጌ ግን ቶሎ ብሎ፣ "አሜን!" አለ፤ ወንድሞቹም "አሜን!" አሉ። ድንኳኑ ሙሉ ያልተነገረውን ምርቃት አሜን ብሎ ተቀበለው። እንዲያ ያለ ምርቃት በዚያ መንደር ከዚያ በፊትም አልተሰማም፤ ከዚያ በኋላም አልተሰማም።

ከዚያ የኔነሽ ወደ ማንጠግቦሽ ዞረች። ማንጠግቦሽ እንደቆመች ናት፤ መቀመጫዋን ለሰው ሰጥታለች። ልጅቱ ጉልበቷን እቅፍ አድርጋ ስትስም፣ "ቀስ በይ፤ እሱኛው ነው የሚያመኝ" አለቻት። ሰው ሁሉ እያለቀሰ ሳቀ። ውድነሽም በርጩማው ላይ ጠጋ ብላ ግማሹን ለቀቀችላት፤ ማንጠግቦሽም ተቀመጠች። ለአንዲት እናት ተብሎ የተጠረበ በርጩማ ሁለት እናቶችን ቻለ።

ወገኖቼ፣ ነገሩ ይኸው ነው። አንዷ ይዛ ወደደች፤ አንዷ ለቅቃ ወደደች። የያዘች እጅ ለሁሉ ትታያለች፤ ሰውም ያመሰግናታል። የለቀቀችው እጅ ግን ባዶ ናት፤ ባዶ እጅ ምን ያህል እንደሚያቃጥል የሚጠይቅ የለም። እኛ ጥላ ሄደች ለማለት እንቸኩላለን፤ ውሃው እየሸሸባት እንደነበረ አላየንም። ምላስ አጥንት የለውም፤ የሰው ልጅን ልብ ግን አጥንት ያደርጋል፤ እሱን መልሶ ለማለስለስ ደግሞ ያው የሰደበው ምላስ በሰው ፊት መታጠፍ አለበት። ያሳደገ ክብሩ አይቀነስበትም፤ ክብር ስንካፈለው እንደ እንጀራ አያልቅም።

እስቲ እናንተም ልባችሁን ጠይቁ፤ ያላያችሁትን ነገር ስም ሰጥታችሁ ከአጥራችሁ ውጭ ያቆማችሁት ማን አለ? ካለ፣ ሳይመሽ ወጥታችሁ ግባ በሉት።